ኪቦርድ መማርና በኅብረት መጫወት

በሮቤም ሆነ በጎባ ሙዚቃ ለመማር የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ነው፤ መሣሪያው ግን ጥቂት ነው። ለአንድ ክፍል አንድ ኪቦርድ ሲገኝ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡ። አንዱ ጎበዝ ልጅ ይቀመጥበታል፤ የከበሮውን ምት አንድ ነገር ተጭኖ ያስነሣል፤ አጃቢውን መሣሪያው ራሱ ይጫወትለታል፤ የቀሩት ቆመው ያያሉ። እንዲህ ከሆነ ዓመቱ ሲያልቅ የሚኖረን አንድ ተጫዋችና ብዙ ተመልካች ነው። ለልጆቹ ማስተማሪያ የመጣው መሣሪያ የልጆቹን ድርሻ ወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት አንድ ኪቦርድ ብዙዎችን እንዴት ሊያስተምርና ሊያስተባብር እንደሚችል እንመለከታለን።

ሀ) መሣሪያውን ማወቅ

ፒያኖን በ1700 እ.ኤ.አ. ገደማ በኢጣሊያ አገር በፍሎረንስ ከተማ የሠራው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ነው። ቁልፉ ሲጫን በውስጡ ያለች ትንሽ መዶሻ ክሩን ትመታለች። በቀስታ የነካው ለስላሳ ድምፅ፥ በኃይል የመታውም ኃይለኛ ድምፅ ያገኛል። «ፒያኖፎርቴ» የተባለውም ስለዚህ ነው፤ ትርጉሙ «ለስላሳና ኃይለኛ» እንደ ማለት ነው።

ዛሬ የተለመደው ፒያኖ 52 ነጭና 36 ጥቁር፥ በድምሩ 88 ቁልፎች አሉት። ብዙ ኪቦርዶች ደግሞ 61 ቁልፎች አሏቸው፤ ክር የላቸውም፥ ድምፃቸው በኤሌክትሪክ ነው። ሆኖም የቁልፎቹ አደራደር አንድ ስለሆነ፥ በኪቦርድ የተማረ ጣት ፒያኖ ላይ መንገዱን አያጣም። ጥቁሮቹ ሁለት ሁለት፥ ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተ ግራ የሚገኘው ነጭ ቁልፍ «ዶ» ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ ሬ፥ ሚ፥ ፋ፥ ሶል፥ ላ፥ ሲ እያሉ መቁጠር ነው።

ለ) ከራሳችን ቅኝት መጀመር

«ፒያኖ የባዕድ መሣሪያ ነው፤ ለእኛ ዜማ አይሆንም» የሚል ሰው ያጋጥማል። መልሱን የሰጡ ኢትዮጵያውያን አሉ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ1923 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተወልደው፥ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ሙዚቃ ተምረው፥ በኋላም መንነው የኢትዮጵያን ዜማ በፒያኖ ደርሰዋል። ከሸክላቸው የተገኘውንም ገቢ ለሙት ልጆች መርጃ አውለውታል። ያረፉት በ2023 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም ነው። ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ አስቀድሞ የክራር ልጅ ነበር፤ ከፒያኖ ጋር የተዋወቀው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ በቡልጋሪያ በሶፊያ ተምሯል።

እናንተም ከምታውቁት ጀምሩ። ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ብትሉ ትዝታን ታገኛላችሁ። ሚ፥ ፋ፥ ላ፥ ሲ፥ ዶ ብትሉ አምባሰል ይሆናል። ከሦስቱ ጥቁሮች በስተ ግራ ካለው ተነሥታችሁ ጥቁር ጥቁሩን ብቻ ብትከተሉም እንደገና ትዝታ ነው። ነገር ግን ማሲንቆና የሰው ጉሮሮ የሚያወጡትን ስስ ድምፅ ሁሉ ኪቦርድ አይዘውም፤ ስለዚህ የዘማሪውን ቦታ አይውሰድ።

ሐ) ተራ እስኪደርስ የካርቶን ኪቦርድ

በካርቶን ላይ ቁልፎቹን በልካቸው ሳሉ። ሰባት ነጭ ቁልፎች አንድ ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናሉ። ለጣቶቻችሁም ቁጥር ስጡ፤ በሁለቱም እጅ አውራ ጣት 1፥ ትንሿ ጣት 5 ናት። አፍ ዜማውን እያለ ጣት ካርቶኑን ይርገጥ። አንዱ በኪቦርዱ ሲጫወት ሌሎቹ በካርቶናቸው ቢከተሉት ሥራ የሚፈታ አይኖርም።

መ) በኅብረት መጫወት

በአገራችን በቡድን የመማር ታሪክ አዲስ አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወጣቶች፥ በኬቮርክ ናልባንድያን መሪነት የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆነው ተጫውተዋል። እኛም በሠርግም በደቦም አንዱ ሲያወጣ ሌላው የሚቀበልበትን ዘፈን፥ በኦሮምኛም በአማርኛም፥ ከልጅነት ጀምሮ እናውቃለን። ተቀባይ አውጪውን ካልሰማ መቀበል አይችልም። የኅብረት ጨዋታም ሥሩ ይኸው መስማት ነው።

መጀመሪያ መቃኘት ነው። ኪቦርዱ እንደ ክር በችንካር አይላላም፤ ስለዚህ ክራሩና ማሲንቆው ከእርሱ ጋር ይስማሙ። በባሌ ደጋ ብርድና ጭጋግ ክር ቅኝቱን ይለቃል፥ የከበሮ ቆዳም ይረግባል፤ ስለዚህ ከበሮው ፀሐይ ይሙቅ፥ ክሩም ከመጀመራችሁ በፊት እንደገና ይታይ።

ቀጥሎ ሥራውን ተካፈሉ። የኪቦርዱን ከበሮ አጥፉትና ምቱን ለከበሮ መቺው ስጡ። አንዱ በግራ እጁ ወፍራሙን ድምፅ፥ ጎኑ የተቀመጠው በቀኝ እጁ ዜማውን ይያዝ፤ ክራሩ ያጅብ፥ የቀሩት ይዘምሩ። በዝግታ ጀምሩ። የጠፋበት ልጅ ሌሎቹን አያስቁም፤ ዝም ብሎ ያዳምጥና በሚቀጥለው ስንኝ ይግባ። የጎረቤቱን ድምፅ የማይሰማም የራሱን ዝቅ ያድርግ። በየሳምንቱም ቦታ ተለዋወጡ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ቡድናችሁን ለመመርመር ቀላል መንገድ አለ። በልምምድ መካከል መብራት ቢጠፋ ዜማው አብሮ የሚጠፋ ከሆነ፥ ሲጫወት የነበረው ኪቦርዱ ብቻ ነው። ከበሮው፥ ክራሩና ዘማሪዎቹ ሳይደነግጡ ከቀጠሉ ግን ትምህርቱ ገብቷችኋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቡድናችን ዕድል ያላገኘው ማን ነው? ምን ድርሻ እንስጠው?
2. ኪቦርዱ የሚሠራልንን የትኛውን ሥራ እኛ ልንሠራው እንችላለን?
3. ከአካባቢያችን ዜማዎች አንዱን መርጣችሁ በአምስቱ ጥቁር ቁልፎች ሞክሩት። የትኛው ድምፅ አልገኝ አለ?