አድራሻና መላመድ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው መንገድ የሚያመለክተው በሰፈር ስምና በታወቀ ምልክት ነው፤ «ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ» ማለት ለባለታክሲውም ይበቃዋል። በ1791 እ.ኤ.አ. የተነደፈችው ዋሽንግተን ግን ካፒቶልን ማዕከል አድርጋ በአራት ክፍል የተከፈለች ናት። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘረጉት መንገዶች በቁጥር፣ የሚያቋርጧቸው ደግሞ በላቲን ፊደል ይጠራሉ፤ በፊደሉ ተራ «ጄ»ን የሚፈልግ ግን አያገኛትም። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በየክፍሉ ሊደገም ስለሚችል፣ «ሰሜን ምዕራብ» የሚለውን ቅጥያ የዘነጋ አዲስ መጤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቶ በከተማዋ ሌላ ዳር ሊቆም ይችላል። ስሕተቱን የቋንቋ ችግር አድርጎ መቁጠር ይቀላል። ሆኖም እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገረውም ከዚሁ ስሕተት አያመልጥም፤ የጎደለው ቃል ሳይሆን በአቅጣጫ የማሰብ ልማድ ነውና። ስለሆነም ለአዲስ መጤዎች የሚሰጠው የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት ከሰዋስው አስቀድሞ የካርታ ንባብን ቢይዝ ይመረጣል።