የቤት ቴአትር ኮምፒውተር በ2,840 ሜትር ከፍታ ላይ

የቤት ቴአትር ኮምፒውተር የሚባለው በሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥን ወይም ከፕሮጀክተር ጋር ተያይዞ ፊልም፣ ሙዚቃ፣ ፎቶግራፍና የቤተሰብ ቪዲዮ ለማሳየት የሚያገለግል ኮምፒውተር ነው። በአሠራሩ ከሌላው ኮምፒውተር የሚለይበት ነገር የለም፤ የሚለየው በሚጠበቅበት ጠባይ ነው። ድምፁ መሰማት የለበትም፤ ለረጅም ሰዓት ሳይግል መሥራት አለበት፤ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ የቤተሰቡ አባልም ያለ አስተማሪ ሊያዝዘው መቻል አለበት።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ተማሪዎች «ይህን ብንገዛ ይሻላል ወይስ ያንን?» እያሉ የሚያመጡልኝ የዕቃ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ፈጣን ፕሮሰሰር፣ ለብቻው የሚሰካ ግራፊክስ ካርድ፣ 600 ዋት ፓወር ሰፕላይ፣ ባለ 4ኬ ቴሌቪዥን። ወላጅ ለወራት ያጠራቀመው፣ አንዳንዴም ከዕቁብ የወጣ ገንዘብ በዚህ ዝርዝር ላይ ይውላል። ዝርዝሩ የተቀዳባቸው መመሪያዎች ግን ለሌላ አገር የተጻፉ ናቸው። እኔም ለከፍተኛ ትምህርት ውጭ አገር በቆየሁበት ጊዜ ያነበብኳቸው መመሪያዎች ስለ አየር ግፊት አንድም ቃል አያነሡም ነበር፤ የጻፏቸው ሰዎች በባሕር ወለል አጠገብ ይኖሩ ስለነበር የሚያነሡበት ምክንያት አልነበራቸውም። ደብረ ብርሃን ግን በ2,840 ሜትር፣ አንኮበር በ2,460 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመሆኑም በእኛ አካባቢ ከፕሮሰሰሩ ፍጥነትና ከጊጋባይቱ በፊት ሊወሰን የሚገባው ቁጥር ኮምፒውተሩ የሚስበው ዋት ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱን ከዚህ በታች በስሌት ለማሳየት እሞክራለሁ።

ዓይን ስንት ነጥብ ይለያል?

ጤናማ የሰው ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ማየት የሚችለው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን የአንድ ዲግሪ 1/60ኛ ያህል ሲሆን ነው። በ3 ሜትር ርቀት ላይ ይህ ማዕዘን ወደ 0.87 ሚሊሜትር ይመነዘራል። የባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ስፋት 95 ሴንቲሜትር ነው፤ ይህ ለ0.87 ሚሊሜትር ሲካፈል 1,090 ገደማ ይሆናል። እንግዲህ በ3 ሜትር ርቀት ሶፋ ላይ የተቀመጠ ተመልካች በአግድም የሚለየው ወደ 1,100 ነጥቦች ነው። ባለ 1080 መስመር ምስል በአግድም 1,920 ነጥቦች ሲኖሩት 4ኬ የተባለው 3,840 አለው። ዓይኑ ከሌላው ሰው የላቀ ተመልካች እንኳ ከዚያ ርቀት ላይ በሁለቱ መካከል የሚያየው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው። የ4ኬን ነጥቦች አንድ በአንድ ለመለየት ወደ 85 ሴንቲሜትር መጠጋት ያስፈልጋል፤ በዚያ ርቀት ቁጭ ብሎ ፊልም የሚያይ ሰው ደግሞ እናቱ «ዓይንህ ይጠፋል» ብላ ታስነሣዋለች።

በብዙ ቤቶች ዋነኛው ሀብት የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። አገራችን ትከተለው በነበረው የፓል ሥርዓት በምስሉ ላይ የሚታዩት መስመሮች 576 ብቻ ናቸው፤ የቪኤችኤስ ካሴት ዝርዝር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። እንዲህ ያለውን ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለማስገባትም ሆነ መልሶ ለማሳየት ኃይለኛ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም።

ታዲያ ፕሮሰሰሩ ምን ያህል ይሁን? ዛሬ የተጨመቀ ቪዲዮን የሚፈታው በአብዛኛው የፕሮሰሰሩ አጠቃላይ ጉልበት ሳይሆን በውስጡ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተቀረጸ ትንሽ ክፍል ነው። ያ ክፍል የቪዲዮውን ዓይነት የሚያውቅ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል፤ የማያውቅ ከሆነ ግን ሥራው ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ማሽኑ ይግላል፣ ምስሉም ይቆራረጣል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ስንት ጊጋኸርዝ?» ሳይሆን «የስንተኛው ትውልድ?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን ኤች.264 ሁሉም ይፈታዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን ኤች.265፣ ባለ 10 ቢቱን ጭምር፣ ለመፍታት ከኢንቴል ቢያንስ 7ኛውን ትውልድ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 ለወጣው ኤቪ1 ደግሞ 11ኛው ያስፈልጋል። በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው ከሚመጡት ትንንሽ ኮምፒውተሮች መካከል የ6ኛውና የ7ኛው ትውልድ በመልክ አይለዩም፤ ገዢው ከመክፈሉ በፊት አስከፍቶ ማየት ይኖርበታል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. ስላቆመና ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር ስለማይቀበል፣ ለ7ኛው ትውልድ ሊኑክስን ከኮዲ ፕሮግራም ጋር መጫን የተሻለ ነው፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ትንሽ ማሽን ፊልም ሲያሳይ የሚስበው 20 ዋት ገደማ ነው። በተማሪዎቹ ዝርዝር ላይ ያለው ግን በቀላሉ 100 ዋት ይደርሳል።

ስስ አየርና ሙቀት

በደብረ ብርሃን ባቄላ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገይ ሁላችንም እናውቃለን፤ የአየሩ ግፊት 72 ኪሎፓስካል ያህል ስለሆነ ውሃ በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል። ይኸው ስስ አየር ኮምፒውተርንም ያዘገያል። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር አየር በባሕር ወለል 1.20 ግራም ሲመዝን በእኛ ከተማ 0.86 ግራም ብቻ ነው። የኮምፒውተር ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት በየትም ቦታ ተመሳሳይ ነው፤ ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ግን የአየሩ መጠነ ቁስ ነው።

በሰከንድ 10 ሊትር የሚያሳልፍ ማራገቢያ እንውሰድ። በባሕር ወለል 12 ግራም፣ እዚህ 8.6 ግራም አየር ያሳልፋል። ማሽኑ 100 ዋት ቢያመነጭ የሚወጣው አየር ከሚገባው አየር በባሕር ወለል በ8.3 ዲግሪ፣ በደብረ ብርሃን በ11.6 ዲግሪ ይሞቃል። የጠፋውን ለመመለስ ማራገቢያው ፍጥነቱን በ40 ከመቶ መጨመር አለበት፤ ይህም ድምፁን በ7 ዴሲቤል ገደማ ያሳድገዋል፤ የአየሩ ስስነት ከዚህ ላይ ጥቂት ዴሲቤል ቢቀንስም ልዩነቱ ጸጥ ባለ ትዕይንት ላይ በግልጽ ይሰማል። ፕሮጀክተር ለመግዛት ያሰበ ሰውም ይህንኑ ያስብ፤ ብዙ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ «የከፍታ» የተባለው ማስተካከያ እንዲበራ ያዝዛሉ፤ ሲበራም ማራገቢያው ይጮኻል።

ማሽኑ 20 ዋት ብቻ ቢስብ ግን ያለ ማራገቢያም ሊሠራ ይችላል። በዚህ ረገድ ፊዚክሱ ደስ የሚል ነው። በማራገቢያ የሚወሰደው ሙቀት ከእፍግታው ጋር እኩል ሲቀንስ፣ ሙቅ አየር በራሱ ሽቅብ ሲወጣ የሚወስደው ሙቀት የሚቀንሰው በእፍግታው ስኩዌር ሩት ልክ ነው። የመጀመሪያው 29 ከመቶ ሲያጣ ሁለተኛው 16 ከመቶ ብቻ ያጣል፤ በጨረር የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ምንም አያጣም።

«ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ ይቀዘቅዛል» የሚለው ክርክር ግማሹ እውነት ነው። የክፍሉ ሙቀት ዝቅ ማለቱ ይረዳል። ነገር ግን ማሽኑ የሚቀመጠው በቡፌው ውስጥ፣ ከመስታወቱ በስተጀርባ፣ ብዙውን ጊዜም ዳንቴል ለብሶ ነው። በዚያ ላይ የኩበትና የከሰል ጢስ፣ ቡና ሲፈላም ዕጣኑ አለ። ጢሱ በማራገቢያውና በብረት ክንፎቹ ላይ የሚተወው ቅባት አቧራን ይይዛል። ዳንቴሉ ለቴሌቪዥኑ ጌጥ ይሁን፤ ከኮምፒውተሩ ላይ ግን ይነሣ፤ የቡፌውም ጀርባ ይከፈት።

መብራት ሲሄድ

ዋት መቀነስ በይበልጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው ትንሽ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ባትሪው በፍጥነት ሲራገፍ ከሚያጣውና በመለወጫው ላይ ከሚባክነው በኋላ ግማሹን፣ ማለትም 40 ዋት-ሰዓት ያህል እናገኛለን እንበል። 100 ዋቱ ኮምፒውተር ከ80 ዋት ቴሌቪዥን ጋር ሲሆን ቢበዛ 13 ደቂቃ ይሠራሉ። ትንሹ ማሽን ከዚያው ቴሌቪዥን ጋር 24 ደቂቃ፣ ብቻውን ደግሞ 2 ሰዓት ያህል ይቆያል። በዩፒኤሱ ላይ በትልቁ የተጻፈው «650 ቮልት-አምፔር» የሚያመለክተው በአንድ ጊዜ የሚሸከመውን ጭነት እንጂ የሚቆይበትን ጊዜ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ግን ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ነው ባይ ነኝ። ባትሪው ደኅና ከሆነ ዩፒኤሱን በሆዱ ይዟል፤ ዋቱ ትንሽ ነው፤ ስክሪኑ የተበላሸ በመሆኑም ዋጋው ይቀንሳል። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ከተያያዘ በኋላ ስንጥቁን የሚያይ የለም።

ፓወር ሰፕላይን በተመለከተ አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ስስ አየር የኤሌክትሪክ ብልጭታን የመከላከል አቅሙ ደካማ ነው። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መስፈርቶች በኤሌክትሪክ ክፍሎች መካከል የሚያዝዙት የአየር ክፍተት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ የሚያገለግል ነው፤ ለ3,000 ሜትር በ1.14 መባዛት አለበት። አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮችና ቻርጀሮች ላይ ተራራ የሚመስል ምልክት ከ2,000 ሜትር ጽሑፍ ጋር ይታያል። ይህ ዕቃ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ወዲያው ይቃጠላል ማለት አይደለም፤ አምራቹ የተወው የደኅንነት ትርፍ ከፊሉ አስቀድሞ ተበልቷል ማለት ነው። የቮልቴጅ መዋዠቅ ባለበት አካባቢ ያ ትርፍ ያስፈልጋል። 5,000 ሜትር የሚል ከተገኘ እሱ ይመረጥ።

ዲስክ

በተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ጫፍ ከሚሽከረከረው ሰሌዳ በላይ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ላይ ነው። ብዙ አምራቾች በሥራ ላይ የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3,050 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ከገደቡ በታች ናት፤ ቢሆንም የሚተርፋት 200 ሜትር ያህል ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው በመንዝ ጓሳ ዙሪያ ለሚኖር ግን የሚሻለው ኤስኤስዲ ብቻ ነው።

መጠኑን ለመወሰን ደግሞ፣ በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚፈስ የሁለት ሰዓት ፊልም 4.5 ጊጋባይት ይይዛል፤ አንድ ቴራባይት ላይ ወደ 220 ፊልም ይገባል። ፊልም ቢጠፋ ይተካል። የወላጆች የሠርግ ካሴት ወደ ዲስክ ከተገለበጠ በኋላ ግን በሁለት ዲስኮች፣ በሁለት የተለያዩ ቤቶች ይቀመጥ፤ ካሴቱም አይጣል።

ክፍሉና ድምፁ

ብዙዎች ለድምፅ ማጉያ የሚያወጡትን ገንዘብ ክፍሉ ያባክነዋል። 4 በ5 ሜትር ስፋትና 2.8 ሜትር ከፍታ ያለውን፣ ግድግዳውና ወለሉ ሲሚንቶ የሆነውን ሳሎን እንውሰድ። ይዘቱ 56 ሜትር ኩብ፣ ጠቅላላ ገጹ 90 ሜትር ካሬ ነው። ገጹ ከሚያርፍበት ድምፅ በአማካይ 5 ከመቶ ብቻ ቢመጥ፣ በሳቢን ቀመር መሠረት (0.161 በይዘቱ ተባዝቶ ለጠቅላላው የመምጠጥ አቅም ሲካፈል) ድምፁ ለ2 ሰከንድ ያስተጋባል። በዚህ ክፍል ውስጥ ንግግር ይደበላለቃል። 10 ሜትር ካሬ የሚሆነው ግድግዳ ግማሹን ድምፅ በሚመጥ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ቢሸፈን ግን ጊዜው ወደ 1 ሰከንድ ይወርዳል። የመንዝ ባናና የሱፍ ምንጣፍ በሚሠራበት አገር ውድ የስፖንጅ ሰሌዳ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ጨርቁ ከግድግዳው ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ ቢሰቀል ወፍራም ድምፆችንም የተሻለ ይይዛል።

ሱፉ የማይመልሰው ችግር የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዶፉ ሲወርድ ምንም ድምፅ ማጉያ አያሸንፈውም፤ በዚያ ሰዓት ተመልካቹ የሚተማመነው በጽሑፍ ትርጉሙ ላይ ነው። የአማርኛ የጽሑፍ ትርጉም በስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥኖች ሆኖ ከታየ ኮምፒውተሩ ብልሽት የለበትም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ የጎደለው ፊደሉን የያዘው ፎንት ነው። የትርጉሙ ፋይል በዩቲኤፍ-8 መቀመጡን ማረጋገጥ፣ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ ነጻ ፎንት መጫን፣ ከዚያም በፕሮግራሙ የጽሑፍ ማስተካከያ ውስጥ ያንኑ ፎንት መምረጥ ይበቃል። መጠኑም ከፍ ይበል፤ ከ3 ሜትር ላይ ለማንበብ የፊደሉ ቁመት በስክሪኑ ላይ ከ2 ሴንቲሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ ጠ እና ጨ የሚለዩት በትንሽ ጭረት ነውና።