የውኃው አረንጓዴነት ምን ይነግረናል?



በፊቅህ ትምህርት ስለ ውኃ ስንማር ቀለሙን፣ ጣዕሙንና ሽታውን እናያለን። ዑለማዎች በውኃው ውስጥ በራሱ የበቀለ አልጌ ቀለሙን ቢለውጠውም ውኃው ጠሁር ሆኖ እንደሚቆይ፣ ውዱእም እንደሚደረግበት አስተምረውናል። ይህ ብይን ግን ስለ ጠሃራ ነው። ውኃው ለመጠጥ ይሆናል ወይ ስንል ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ አልጌው የትኛው ዓይነት ነው?

ጥያቄው ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከወረታ ወደ ምዕራብ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ጣና ሐይቅ ዳር ይደርሳል፤ ርብና ጉማራም ሜዳውን አቋርጠው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ተመራማሪዎች በጣና ውስጥ ማይክሮሲስቲስ የተባለ ሳያኖባክቴሪያ አግኝተዋል። ይህ ፍጡር ጉበትን የሚጎዳ ማይክሮሲስቲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ መርዙም ውኃውን በማፍላት አይጠፋም።

ታዲያ ዓይነቱን በምን እንለየው? ኢብኑል ሀይሠም በ11ኛው ክፍለ ዘመን በ«ኪታቡል መናዚር» እንዳስረዱት፣ የምናየው ከነገሩ ተነስቶ ወደ ዓይናችን በሚደርሰው ብርሃን ነው። ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ደግሞ አልጌው ያልወሰደው ትርፍ ነው። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ አልጌዎች ለዓይናችን አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሊመስሉ ይችላሉ። ልዩነታቸው የሚታወቀው በወሰዱት ብርሃን ነው።

ሁሉም ክሎሮፊል ኤ ስላላቸው በ440 እና በ675 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይወስዳሉ። አረንጓዴ አልጌዎች ክሎሮፊል ቢ ስላላቸው በ650 አካባቢ ይጨምራሉ። ዳያቶሞች ፉኮዛንቲን በተባለው ቀለማቸው ከ490 እስከ 530 ያለውን ይወስዳሉ። ሳያኖባክቴሪያዎች ደግሞ ፋይኮሲያኒን ስላላቸው በ620 አካባቢ ምልክታቸውን ይተዋሉ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ውኃው ከመስታወት ጭረት በተሠራ ማጣሪያ ይጣራል፤ ማጣሪያው ላይ የቀረው በስፔክትሮፎቶሜትር ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ይለካል። ነገር ግን በክረምት ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል ራሱ ብርሃን ይወስዳል፤ በተለይ ሰማያዊውን። ስለዚህ የአልጌው ቀለም በሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ማለትም በበረኪና ውስጥ ባለው ንጥረ ነገር፣ እንዲለቅ ተደርጎ ማጣሪያው እንደገና ይለካል። የሁለቱ ልኬት ልዩነት የአልጌው ድርሻ ነው። ሜታኖል ለዚህ ሥራ በቂ አይደለም፤ ፋይኮሲያኒንን አያወጣምና።

ይህንኑ የ620 ምልክት በ2016 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው ሴንቲኔል 3 ሳተላይትም ከሰማይ ታያለች። አንዱ የምስሏ ነጥብ 300 ሜትር በ300 ሜትር ስለሚሸፍን ለጣና ስፋት ትመቻለች፤ ለጠባብ ወንዝ ግን አትሆንም።

ልብ እንበል፦ ብርሃኑ የሚነግረን የአልጌውን ወገን ነው። ዝርያውን ለመለየት ማይክሮስኮፕ፣ መርዝ መኖሩን ለማወቅም የመርዝ ምርመራ ያስፈልጋል። የብርሃን ልኬት ጥቅሙ የትኛው ውኃ ቀድሞ መመርመር እንዳለበት ማሳየቱ ነው።

የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተማሪዎች ሆይ! ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ ስንፈልግ ይህን እናስብበት። ለእረፍት ወደ ቤተሰብ ስንሄድም አረንጓዴ ዝቃጭ ከተንሳፈፈበት ዳርቻ የመጠጥ ውኃ እንዳይቀዱ፣ ከብትም እንዳያጠጡ፣ ማፍላት ብቻውን እንደማይበቃም እንንገራቸው። ጉዳትን ከሰው ማራቅ ከዲናችን ነውና።

ወሏሁ አዕለም።