የፀረ አረም መድኃኒት በሰብል ላይ የሚያደርሰው ቃጠሎና ምክንያቱ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በቆሰበርና በአካባቢው በክረምት ድንች ሲቃጠል ገበሬው አስቀድሞ የሚለው «ምች መታው» ነው። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ አገሩ ደጋ፣ ዝናቡና ጉሙ የበዛ ስለሆነ ለምች በሽታ ይመቻል። ሆኖም ምች ሳይሆን ፀረ አረም ያቃጠለው ማሳም ያጋጥማል። ይህን ሳይለዩ የምች መድኃኒት መርጨት ገንዘብ ማባከን፣ የተጎዳውንም ተክል በሌላ ኬሚካል ማስጨነቅ ነው። ስለሆነም የልማት ሠራተኛው የቃጠሎውን ምንጭ ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል።

ኦክሲጅን ለሕይወት አስፈላጊ ቢሆንም የማበላሸት ጠባይም አለው። ብረትን የሚያዝገው፣ የተላጠ ድንችን የሚያጠቁረው፣ የቆየ ዘይትን ሽታ የሚለውጠው እርሱ ነው። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሲያዘጋጅ ከኦክሲጅኑ ጥቂቱ ሱፐርኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ወደሚባሉ ጎጂ ዓይነቶች ይለወጣል። ጤነኛ ተክል ለዚህ መከላከያ አለው፤ ለምሳሌ ካታሌዝ የተባለው ኤንዛይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ወደ ውሃና ኦክሲጅን ይመልሰዋል። ጎጂው ከመከላከያው በላይ ሲመረት ሁኔታው ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል። በዚህ ጊዜ የሴሉን ሽፋን የሠራው ቅባት ይበላሻል፤ ሽፋኑ ውሃ ያፈሳል፤ ቅጠሉም ጠውልጎ ይደርቃል።

ግራሞክሶን በሚል የንግድ ስም የታወቀው ፓራኳት የሚገድለው በቀጥታ በዚህ መንገድ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ወደ ምግብ ሥራ የሚሄደውን ኤሌክትሮን ቀምቶ ለኦክሲጅን ያስረክባል፤ ራሱ ግን ሳያልቅ ተመልሶ ይቀማል። ለዚህ ሥራ ብርሃን ስለሚያስፈልገው በጠራ ፀሐይ ቃጠሎው በሰዓታት ውስጥ ይታያል፤ በጉም ቀን ይዘገያል። ሰማዩ የተገለጠ ዕለት ማሳው በአንድ ጊዜ ሲጠቁር ገበሬው ፀሐይዋን ቢከስስ አይፈረድበትም። ይህ መድኃኒት በሰው ሳንባም ውስጥ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል፤ ለተጠጣ ፓራኳት ማርከሻ የለውም። በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ መገልበጥ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

ቱፎርዲ (2,4-ዲ) ከዚህ ይለያል። የተክሉን የዕድገት ሆርሞን መስሎ ስለሚገባ ሰፋፊ ቅጠል ያለው ተክል ከልክ በላይ እየተዘበራረቀ ያድጋል፤ በዚህም መካከል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይበዛበታል። ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ በተገቢው ዕድሜና መጠን ሲረጩ ይቋቋሙታል፤ ድንች፣ ባቄላና ኑግ ግን አይችሉትም። ግንዱ ይጠማዘዛል፤ አዲሱ ቅጠል ይጨማደዳል፣ ይጠባል።

ምች ከጥቂት ቦታ ተነሥቶ ከቀን ወደ ቀን ይስፋፋል፤ ጠዋት በእርጥበት ጊዜ ቅጠሉ ሲገለበጥ በቁስሉ ዙሪያ ነጭ ሻጋታ ይታያል። የፓራኳት ቃጠሎ ሻጋታ የለውም፤ ጠብታው ባረፈበት ልክ ይነጠባጠባል፣ በኋላ የሚወጣው ቅጠልም ደኅና ነው። ነፋስ ያመጣው ከሆነ በአንድ ወገን ይበረታል፤ በድንበሩ ያለው አረምም አብሮ ይጎዳል። አረሙን ሳይመለከቱ ፍርድ መስጠት አይገባም።

ነፋስ ሳይኖር ጉዳት ከደረሰ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የመርጫው ነው። በጠዋት ገብስ ላይ ቱፎርዲ የረጨ የጀርባ መርጫ በማግስቱ የምች መድኃኒት ተሞልቶ ወደ ድንች ይሄዳል። ሦስት ጊዜ በሳሙና ማጠብ ይረዳል፤ ነገር ግን በጎማውና በአፍንጫው የሚቀረው ጥቂት ቱፎርዲ ድንችን ለመጉዳት ይበቃል። እኛ የምንመርጠው ማኅበሩ ሁለት መርጫ ገዝቶ አንዱን በቀይ ቀለም «ለፀረ አረም ብቻ» ብሎ እንዲጽፍበት ነው። የአንድ መርጫ ዋጋ ከአንድ ማሳ ድንች አይበልጥም። እጣቢው ወደ ምንጭ ወይም ወንዝ ሳይሆን በተረጨው የእህል ማሳ ላይ ይፍሰስ።

የአዊ ቀይ አፈር በብዙ ስፍራ አሲዳማ መሆኑም አይዘነጋ። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይመርዛል፤ በሥሩም ውስጥ ይኸው የኦክሲጅን ጉዳት ይነሣል። ሥሩ የደነዘ ገብስ በቂ ውሃና ፎስፎረስ ስለማያገኝ ሌላ ጫና ሲደረብበት አቅም ያንሰዋል። ለዚህ መፍትሔው የአፈር ምርመራና ከዘር አስቀድሞ ከአፈር ጋር የሚቀላቀል የግብርና ኖራ ነው፤ መድኃኒት መጨመር አይደለም።

በመጨረሻም መጋዘኑ ይታይ። በአገራችን ለዓመታት የተከማቸ፣ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ከ1,000 ቶን በላይ ተሰብስቦ ከእ.ኤ.አ. 2000 ወዲህ በፊንላንድ እንዲቃጠል ተልኳል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ወዲህ ያልተመዘገበ መድኃኒት መሸጥ ክልክል ነው። ጽሑፉ የጠፋ ወይም ጊዜው ያለፈ ዕቃ ከተገኘ አይረጭ፣ አይቀበር፤ ዓይነቱና መጠኑ ተመዝግቦ፣ ለብቻው ተቆልፎ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይገለጽ።