ያረጀ የቅንጦት መኪና ከመግዛት በፊት፦ የፊዚክስ ምርመራ

በአገራችን አውቶሞቢል ሲያረጅ ከገበያ አይወጣም፤ ከባለቤት ወደ ባለቤት፣ ከከተማ ወደ ከተማ ይዘዋወራል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ሁለት ውሳኔዎች ይህን ዝውውር አጠናክረውታል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አገልግሎት ሰጥተው ወደ አገር በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። ስለዚህ በጅግጅጋም ሆነ በአዲስ አበባ ባለ ስምንት ሲሊንደር ላንድ ክሩዘር፣ መርሴዲስ ወይም ሬንጅ ሮቨር ለመግዛት የሚያስብ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ቀደም ብሎ የገባውንና ዕድሜው የገፋውን ነው።

ግዥው ቀላል ጉዳይ አይደለም። ብዙ ጊዜ የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ጥሪት፣ አንዳንዴም ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ያዋጡት ገንዘብ በአንድ ቀን ከእጅ ይወጣል። በዚህ ላይ ከጅግጅጋ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ የካራማራን ተራራ የሚያቋርጥ በመሆኑ፣ ሳይመረመር የታለፈ ጉድለት ከገንዘብም አልፎ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ደግነቱ የምርመራው አብዛኛው ክፍል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሚሰጠው ፊዚክስ የሚከናወን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምርመራውን ቅደም ተከተል ከነምክንያቱ እናቀርባለን።

1. ዋጋው ሲወርድ ጥገናው ለምን አይወርድም?

የቅንጦት መኪና አዲስ ሳለ ከተራው አውቶሞቢል ብዙ እጥፍ ይሸጣል። ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ የሁለቱ ዋጋ ሊቀራረብ ይችላል፤ የመለዋወጫቸው ዋጋ ግን አይቀራረብም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሸክሙ ይበልጥ ከብዷል።

ሁለተኛው ምክንያት ከሒሳብ የሚመነጭ ነው። አንድ ተራ መኪና ያረጁ 15 ዋና ዋና ክፍሎች አሉት እንበል። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ዓመት ሳይበላሽ የመቆየት ዕድሉ 0.98 ቢሆን፣ ሁሉም ደህና ሆነው ዓመቱን የመጨረሳቸው ዕድል 15 ጊዜ የተጻፈ 0.98 እርስ በርሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ይህም 0.74 ያህል ይሆናል። የቅንጦቱ መኪና የአየር ከረጢት፣ የአየር መጭመቂያ፣ ብዙ ኮምፒውተሮችና አነስተኛ ሞተሮች ተጨምረውለት 40 ክፍሎች ቢኖሩትስ? ውጤቱ ወደ 0.45 ይወርዳል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ መልእክታቸው ግን ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ክፍል እኩል ጥራት ቢኖረው እንኳ፣ ክፍሎቹ የበዙለት መኪና ሲያረጅ ጋራዥ የመግባት ዕድሉ ይበልጣል።

2. ሰነድና የዕድሜ ምስክሮች

ምርመራው ከሊብሬው ይጀምራል። በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በመኪናው ላይ ከተቀረጹት ጋር አንድ በአንድ መመሳሰል አለባቸው። ቁጥሩ በተቀረጸበት አካባቢ የብየዳ፣ የሞረድ ወይም የአዲስ ቀለም ምልክት ከታየ ግዥው እዚያው ላይ ይቁም። ጅግጅጋ ከበርበራ ወደብ በሐርጌሳና በቶጎ ውጫሌ በኩል በሚመጣው የንግድ መስመር ላይ ስለምትገኝ፣ የጉምሩክ ሰነዱን ማየት እዚህ በተለይ ያስፈልጋል። ቀረጥ ያልተከፈለበት መኪና በገዢው እጅ እንዳለ ሊወረስ ይችላልና።

በሶማሌላንድ ከሚሽከረከሩት መኪኖች አብዛኞቹ ቀኝ መሪ ናቸው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ካጋጠመን ከዳሽቦርዱ ሥር ገብተን እንይ። ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየው ብረት ተቆርጦ የተበየደ ከሆነ፣ የመሪው ዘንግና የፍሬን ፔዳሉ የታሰሩበት ቦታ የሚሸከመውን ኃይል መቋቋሙ በባለሙያ መረጋገጥ አለበት።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚያሳየው ቁጥር ሊቀየር ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የ15 ዓመት መኪና 60,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢያሳይ፣ በዓመት 4,000፣ በቀን ደግሞ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዷል ማለት ነው። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ፣ መሪው በእጅ መታሻሸት አብረቅርቆ፣ የሾፌሩ ወንበር ጎድጉዶ ከተገኘ ይህ ሒሳብ አያሳምንም።

ጎማዎቹም ዕድሜያቸውን ይናገራሉ። በጎማው ጎን ላይ ከሚገኙት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን ያመለክታሉ። ለምሳሌ 2318 ማለት በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ስለሚውል፣ አቆጣጠሩን ያምታታ ገዢ አሮጌውን ጎማ አዲስ ነው ብሎ ሊወስድ ይችላል። ጎማ ባይሽከረከርም በሙቀት፣ በፀሐይና በኦክስጅን ምክንያት ይደርቃል፤ ስለሆነም ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ደህና ጎማ አይደለም።

3. ላሜራና ቀለም

የፋብሪካ ቀለም ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይርቅም። በግጭት የጎደጎደ ላሜራ ግን ብዙ ጊዜ በስቱኮ ተሞልቶ ይቀባል፤ ውፍረቱም ብዙ ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የማግኔት የመሳብ ኃይል ርቀት ሲጨምር በፍጥነት ስለሚቀንስ፣ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት በደህናው ላሜራ ላይ ትይዛለች፤ ስቱኮ በበዛበት ቦታ ላይ ግን ትወድቃለች።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ማግኔት አሉሚኒየምን አይስብም። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተው አውዲ ኤ8 እና ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው ሬንጅ ሮቨር አካላቸው በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ፣ ማግኔቷ ስለወደቀች ብቻ መኪናው ተጋጭቷል ብለን ልንፈርድ አይገባም። እንዲህ ባለው መኪና ላይ የቀለሙን ነጸብራቅ፣ የበሮቹን ክፍተት እኩልነትና የብሎኖቹን መነካት እንመልከት። በባሕር ዳርቻ ከተማ የቆየ መኪና ደግሞ ጨዋማው እርጥበት ዝገትን ስለሚያፋጥን፣ በክሪክ ተነሥቶና በሚገባ ተደግፎ ከሥሩ መታየት ይኖርበታል።

4. ሞተርና ማቀዝቀዣ

ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲጠብቀን አስቀድመን እንጠይቅ። ስንደርስ ኮፈኑ ሞቆ ካገኘነው፣ ቀዝቃዛ ሲነሣ የሚያሳየው ችግር ተሸፍኖብን ሊሆን ይችላል።

ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 84 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ስለሆነ፣ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። የመኪና ሞተር ደግሞ በተለመደ ሥራው ከ90 እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል። ውሃው የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ 100 ኪሎ ፓስካል የሚጨምር ቢሆን ጠቅላላው ግፊት 184 ይሆንና ውሃው እስከ 118 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ያፈሰሰ እንደሆነ ግን ይህ ጥበቃ ይጠፋል።

የሞቀ ራዲያተር መክፈት ክልክል የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው። በ118 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ ግፊቱ በድንገት ቢለቀቅ ወደ 95 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ ይፈላል። ከእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 40 ግራም ያህሉ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ይህም ከ80 ሊትር በላይ ቦታ የሚይዝ፣ ፊትንና እጅን የሚያቃጥል እንፋሎት ነው።

ስለዚህ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ክዳኑን እንክፈት። ውሃው ዝገት የመሰለ ከሆነ ለረጅም ጊዜ ያለ ኩላንት ተነድቷል። ዘይት ከተንሳፈፈበት፣ ወይም የሞተሩ ዘይት ቡና በወተት ከመሰለ፣ በቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ወይም ሌላ የውስጥ ስንጥቅ መኖሩን መጠርጠር ይገባል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ጭሱን እናስተውል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚቃጠል፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ እንደበዛ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ ኩላንት ወደ ሲሊንደር እንደሚገባ ያመለክታል።

ከዚያ በዳገት እንንዳው። አየሩ በከፍታው ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር በጅግጅጋ ከባሕር ወለል ኃይሉ ወደ 15 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ይህ ጉድለት አይደለም። ነገር ግን መንተክተክ፣ የማርሽ መዘግየትና የሙቀት መርፌ ወደ ላይ መውጣት በከፍታ አይመካኙም።

5. ፍሬን

2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ፍጥነቱን በፍሬን ብቻ ጠብቆ የ300 ሜትር የከፍታ ልዩነት ቢወርድ፣ የሚያጣው የስበት ጉልበት 2,500 × 9.8 × 300፣ ማለትም 7.35 ሚሊዮን ጁል ነው። ይኸው መኪና በሰዓት በ80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ያለው የእንቅስቃሴ ጉልበት 0.62 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ስለዚህ ያ አንድ ቁልቁለት፣ የአየር መከላከልንና ሌላውን ሰበቃ ወደ ጎን ብንተው፣ መኪናውን ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 12 ጊዜ በተከታታይ እንደማቆም ነው። ይህ ሁሉ ጉልበት በፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ በደረጃው ይጠየቃል፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ የሚጠየቀው ዝቅተኛ መጠን 155 ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይፈጠራል፤ እንፋሎት እንደ ፈሳሽ ግፊትን ስለማያስተላልፍ ፔዳሉ ወለሉን ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ስለሆነም ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ለግማሽ ደቂቃ አጥብቀን እንርገጥ። ቀስ በቀስ ከወረደ ፍሳሽ አለ፤ እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር ገብቶበታል። መኪናውን ብንገዛው እንኳ የመጀመሪያው ሥራችን የፍሬን ዘይቱን መቀየር ይሁን።

6. በአየር የሚነሣ መኪና

በብዙ ሬንጅ ሮቨርና መርሴዲስ ኤስ ክላስ መኪኖች ላይ በብረት ሞላ ፈንታ በአየር የተሞሉ የጎማ ከረጢቶች ይገኛሉ። እነዚህን ለመመርመር የሚያስፈልገው ሜትር ብቻ ነው። መኪናው በሜዳ ላይ እንዲቆም አድርገን ከእያንዳንዱ ጎማ መሐል እስከ መከላከያው ቅስት ያለውን ርቀት እንለካ፤ ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ደግመን እንለካው።

እዚህ የጋዝ ሕግ ይረዳናል። የመኪናው ክብደት ስለማይለወጥ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ግፊት ብዙም አይለወጥም። ሙቀቱ ከ30 ወደ 15 ዲግሪ ቢወርድ፣ በኬልቪን ከ303 ወደ 288 ስለሚሆን የአየሩ ይዘት 5 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ አራቱም ማዕዘን በጥቂቱ ዝቅ ቢሉ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው። አንዱ ማዕዘን ብቻ ከወረደ ግን ፍሳሽ አለ። የሚያፈስ ከረጢት መጭመቂያውን ያለ ዕረፍት ስለሚያሠራ አንዱ ብልሽት ሌላውን ይወልዳል።

7. ኤሌክትሪክና ኮምፒውተር

ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ሁሉ መብራትና ሞተሩ ከተነሣ በኋላ መጥፋት አለባቸው። ከመጀመሪያውኑ የማይበራ የሞተር ወይም የኤርባግ ምልክት አምፖሉ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

ለአሜሪካ ገበያ ከ1996፣ ለአውሮፓ ገበያ ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠሩ የቤንዚን አውቶሞቢሎች የብልሽት ኮድ የሚነበብበት ሶኬት አላቸው። ኮድ አልተገኘም ማለት ግን ብልሽት የለም ማለት አይደለም። ሻጩ ኮዱን ትናንት አስጠፍቶት እንደሆነ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻ ገና እንዳልጨረሰ ማንበቢያው ያሳያል። በዚህ ጊዜ መኪናው ተነድቶ እንደገና እንዲነበብ እንጠይቅ።

ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆይ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት ይኖርበታል። የቆመ መኪና የሚወስደው ከረንትም ይለካ። ባለ 80 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ0.05 አምፔር 1,600 ሰዓት፣ ማለትም ከሁለት ወር በላይ ይቆያል። አንድ ኮምፒውተር ሳይተኛ ቀርቶ ከረንቱ 0.5 አምፔር ቢሆን ግን ባትሪው በሳምንት ውስጥ ያልቃል።

8. ውሳኔው

ምርመራው ሲያልቅ የተገኙትን ጉድለቶች በሁለት እንክፈል። የቁጥር አለመመሳሰል፣ የተቆረጠ አካል፣ የተቃጠለ ጓርኒሲዮንና የመሪ ጉድለት ግዥውን የሚያስቀሩ ናቸው፤ የዋጋ ቅናሽ አያካክሳቸውም። የቀሩት ጉድለቶች ግን በገንዘብ ይተመናሉ። የመለዋወጫውን ዋጋ ከመደብር፣ የእጅ ዋጋውን ከጋራዥ ጠይቀን ከሻጩ ዋጋ ላይ እንደምር። ድምሩ በእጃችን ያለውን ገንዘብ የሚጨርስ ከሆነ መኪናው ከአቅማችን በላይ ነው። ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ቢልም ሌሊቱን የሚጠይቀውን የከፍታ ልኬት አንተው፤ አንድ ቀን መዘግየት ከሚያስከትለው ጉዳት ይልቅ ሳይመረመር የተገዛ መኪና የሚያስከትለው ይበልጣል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ. አንድ የ12 ዓመት መኪና 48,000 ኪሎ ሜትር ያሳያል። በቀን በአማካይ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? ይህን ለማመን ምን ምን ምልክቶችን ትፈልጋላችሁ?

ለ. ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው መኪና ቆሞ ሳለ 0.4 አምፔር ይወስዳል። ባትሪው ከስንት ቀን በኋላ ያልቃል?

ሐ. የመኪናው ክብደት በእጥፍ ቢጨምር፣ በተመሳሳይ ቁልቁለት በፍሬኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት እንዴት ይለወጣል? ከባድ የቅንጦት መኪና ሰፋፊ የፍሬን ዲስኮች የሚያስፈልጉት ለምን እንደሆነ ከዚህ ተነሥታችሁ አስረዱ።