ቀለበቱና ብናኙ፦ ማይክሮዌቭ የብረታ ብረት ዱቄትን እንዴት ያሞቃል?

 

ከጁሙዓ በኋላ ከበኒን መስጂድ ወጥተን በፒያሳ ወርቅ ቤቶችና በውቤ በረሃ በኩል ወደ አምስት ኪሎ ስንመለስ ብዙ ጊዜ እንከራከራለን። ወርቅ ሠሪው ቀለበት ሲሞርድ የሚረግፈውን ብናኝ አንድም ሳያባክን ይሰበስባል፤ በነበልባል አቅልጦም መልሶ ይሠራበታል። ባለፈው አንዳችን "ይህ ብናኝ ማይክሮዌቭ ውስጥ ቢገባ ይሞቃል?" ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም "ብረታ ብረት ሞገዱን ስለሚመልስ አይሞቅም" አልን። ፈተና ላይ ጽፈን ነጥብ ያገኘንበት መልስ ነው። ግን ግማሽ መልስ ነው።

የምናውቀውን እናስታውስ። የቤት ማይክሮዌቭ በ2.45 ጊጋኸርዝ ይሠራል። ምግብ የሚሞቀው ኤሌክትሪካዊ መስኩ የውኃ ሞለኪዩሎችን ወዲያ ወዲህ ስለሚያዞራቸው ነው። ሞገዱ በወፍራም ብረታ ብረት ላይ ሲያርፍ ግን ነጻ ኤሌክትሮኖች መልሰው ይሰዱታል። ዘልቆ የሚገባው ስስ ገጽ ውስጥ ብቻ ነው፤ ይህ ጥልቀት "ስኪን ዴፕዝ" ይባላል። በዚህ ድግግሞሽ ለመዳብ 1.3፣ ለወርቅ 1.6 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው።

አሁን እናስላ። ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመዳብ ድብልብል ኳስ እንውሰድ። ሞገዱ የሚደርስበት ገጽ ከኳሱ ይዘት አንድ ሺኛውን እንኳ አይሞላም። ይህንኑ ኳስ እያንዳንዳቸው 20 ማይክሮ ሜትር ወደሆኑ ቅንጣቶች ብንፈጨው 125 ሚሊዮን ቅንጣቶች ይወጡታል። ጠቅላላ ገጹ 500 እጥፍ ይሆናል፤ ሞገዱ የሚደርስበት ክፍልም ከእያንዳንዱ ቅንጣት ይዘት ሲሶ ያህል ይሆናል። መዳቡ ያው መዳብ ነው፤ የተለወጠው መጠኑ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ነው። አብዛኛው የብረታ ብረት ዱቄት ስስ የኦክሳይድ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ኤሌክትሪክ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት በቀላሉ እንዳያልፍ ያግዳል። ስለዚህ ዱቄቱ እንደ አንድ መስታወት ሆኖ ሞገዱን አይመልስም፤ ሞገዱ በክፍተቶቹ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እዚያም ተለዋዋጩ ማግኔታዊ መስክ በየቅንጣቱ ውስጥ ክብ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራል፤ የቅንጣቱ ተቃውሞም ፍሰቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። እንደ አይረንና ኒኬል ባሉት ደግሞ የማግኔታዊ ብክነት ሙቀት ይጨመርበታል።

በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ረስተም ሮይ፣ ዲኔሽ አግራዋልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 በኔቸር መጽሔት ላይ የብረታ ብረት ዱቄትን በማይክሮዌቭ ሙሉ በሙሉ አጣብቀው ጠንካራ ዕቃ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀልጥ በሙቀት የሚጣበቅበት ይህ ሥራ ሲንተሪንግ ይባላል። እስከዚያ ድረስ በማይክሮዌቭ የሚደረገው ሲንተሪንግ በአብዛኛው በሴራሚክ ላይ ያተኮረ ነበር፤ "ብረታ ብረት ይመልሳል" የሚለው ሕግ ብዙዎችን ከመሞከር አስቀርቷቸዋል። ቡድኑ ቀጥሎ ሁለቱን መስኮች ለይቶ ሲሞክር፣ የብረታ ብረት ዱቄት ይበልጥ የሞቀው ማግኔታዊ መስኩ በሚበረታበት ቦታ ነበር።

ለዚህ ቤታችን ውስጥ ምስክር አለ፤ አፉ ወርቅ የተቀባ ሲኒ። ቅቡ በጣም ስስ ስለሆነ በማይክሮዌቭ ውስጥ ብልጭታ ያወጣል፣ ይቃጠላልም። የወርቅ ቀለበትና የሲኒው ቅብ ያው ወርቅ ሆነው ጠባያቸው የሚለያየው በውፍረታቸው ነው።

አደራ የምንላችሁ አንድ ነገር አለ። ይህን በዶርም ወይም በካፌ ማይክሮዌቭ እንዳትሞክሩት። በተለይ የአሉሚኒየምና የማግኒዚየም ዱቄት አየር ውስጥ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በቤተ ሙከራ ሥራው የሚካሄደው እንደ ናይትሮጅን ወይም ሃይድሮጅን ባለ ጋዝ ውስጥ ወይም አየሩ ተመጥጦ፣ ሙቀቱም እየተለካ ነው።

ቀጣዩን ፈተና ስንጽፍ "ብረታ ብረት ሞገድ ይመልሳል" ብለን አናቁም። "ስንት ማይክሮ ሜትር?" ብለን እንጠይቅ። ጥያቄውን ያነሣው ወንድማችንም የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ርዕስ አግኝቷል፤ ኢንሻአላህ ውጤቱን ያካፍለናል።

ወሏሁ አዕለም።