ዕቃ ሁሉ ቦታ ይኑረው
(በቤት ውስጥ ስለሚዝረከረክ ዕቃና ስለ ቤተሰብ ኃላፊነት)

በዚህ ዕትም ልንነጋገርበት የመረጥነው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ርእሱ በየቤታችን ስለሚዝረከረክ ዕቃ ነው። እኛም በመጀመሪያ በቀረበልን ጊዜ «ይህ ደግሞ የሚጻፍበት ነገር ነውን? የእናቶች ጉዳይ አይደለምን?» ብለን ነበር። ኋላ ግን እያንዳንዳችን የቤታችንን ሁኔታ ተመልክተን ስንወያይ፣ ጉዳዩ የእናቶች ብቻ ሆኖ መቅረቱ ራሱ ዋናው ችግር መሆኑን ተረዳን። ይህንንም ከዚህ በታች ለማስረዳት እንሞክራለን።

የጠፋው ደብተር

በመጀመሪያ ከመካከላችን በአንዱ ቤት የሆነውን እንናገር። ጊዜው ክረምት ነበር። አባት በማግሥቱ ይዘውት የሚሄዱት የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ማታ ሲፈለግ ታጣ። ሳጥኑ ተገለበጠ፤ ከአልጋ ሥር ያሉት ካርቶኖች ወጡ፤ ጆንያ ተፈታ። እናት በዚያ ሰዓት ገና ከማጀት አልወጡም፤ ሊጥ እያቦኩ ነበር። አባት ተቆጥተው «በዚህ ቤት ምን ይገኛል!» አሉ። ልጆቹም ተደርበው «እማዬ፣ የት አደረግሽው?» ማለት ጀመሩ። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ደብተሩ በአባት ካፖርት የውስጥ ኪስ ተገኘ። ካፖርቱ በዳጉሳ ጆንያ ላይ ተጥሎ፣ በላዩ የልጆቹ ዩኒፎርም ተከምሮበት ነበር። እናት አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ወደ ሊጣቸው ተመለሱ።

ይህን ታሪክ ወንድማችን ሲነግረን ሁላችንም አፈርን። ምክንያቱም «እማዬ፣ የት አደረግሽው?» ያላለ ከመካከላችን አልተገኘም። እሑድ ማለዳ ነጠላችንን ስናጣ፣ በፈተና ቀን እስክሪብቶ ሲጠፋን የምንጠይቀው እርሷን ነው። ደብተሩን ኪስ ውስጥ የረሱት አባት፣ ዩኒፎርሙን የከመሩበት ልጆች ሲሆኑ፣ የተወቀሱት ግን እናት ናቸው።

ዕቃ ለምን ይዝረከረካል?

በውይይታችን ሦስት ምክንያቶችን አግኝተናል።

ሀ/ ዕቃው ቦታ ስለሌለው ነው። የአያቶቻችን ቤት ጠባብ ነበር፤ ይሁን እንጂ ዕቃው ሁሉ ቦታ ነበረው። እህል በጎታ፣ ዱቄት በአቁማዳ፣ እንጀራ በመሶብ ይቀመጣል። ለዘር የተመረጠ በቆሎ ጭስ እንዲያገኘው ከምድጃው በላይ ይንጠለጠላል። ጋቢና ቡሉኮ በግድግዳው ላይ በተተከለው ኩላብ ይሰቀላል። ፈረስ ባለበት የአዊ ቤት ልጓምና ኮርቻ የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም፤ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ይወለወላል እንጂ አይፈለግም። በዛሬው ቤታችን ግን ጀሪካኑ፣ ካርቶኑ፣ ፌስታሉ፣ የተሰበረው ወንበር፣ የስልኩ ገመድ፣ የአምስት ዓመት የትምህርት ደብተር ተጨምሯል። ዕቃው በዛ፤ ቤቱ ግን አልሰፋም፤ አዲስ ለገባውም ዕቃ ቦታ የወሰነለት የለም።

ለ/ «ይጠቅም ይሆናል» ብሎ ማስቀመጥ ነው። በዚህ ሐሳብ አናላግጥም። ውሃ ሲጠፋ ባዶ ጀሪካን ይፈለጋል፤ በመኸር ጊዜ ጆንያ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ማስቀመጡ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሳይቆጠርና ሳይለይ መከማቸቱ ነው። አምስት ጀሪካን የሚበቃው ቤት አሥራ ሁለት ቢያስቀምጥ፣ ከእነርሱም አራቱ ቀዳዳ ቢሆኑ፣ በቸገረ ጊዜ በመጀመሪያ እጅ የሚገባው ቀዳዳው ነው።

ሐ/ ሥራው በአንድ ሰው ላይ ስለ ወደቀ ነው። እናት ማለዳ እሳት ታነዳለች፤ ቁርስ ታቀርባለች፤ ገበያ ትወጣለች፤ ትጋግራለች፤ ታጥባለች። ከእንጅባራ ወደ ግልገል በለስ የሚወርደው መንገድ በከተማችን ስለሚያልፍ ጫግኒ እንግዳ የማይጠፋባት ከተማ ናት፤ ለመንገደኛው ዘመድም መኝታ የምታነጥፈው እርሷው ናት። ስድስት ሰው የሚጥለውን አንድ ሰው አንሥቶ አይጨርሰውም። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው።

የሚያስከትለው ጉዳት

አንዳንድ ሰው «ቤት ቢዝረከረክ ምን ይጎዳል?» ይላል። ጉዳቱ ግን ዓይን ከማስከፋት ያለፈ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በመነሻው 16 ፓኬጆች ሲኖሩት፣ ከእነዚህም አንዱ የመኖሪያ ቤት አካባቢን ጤናማ አድርጎ መያዝን የሚመለከት ነበር። ይህ ያለ ምክንያት አልተደረገም።

አንደኛ፣ የተከማቸ ዕቃ የአይጥ መጠለያ ነው። ጆንያ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ በመሬት ላይ ሲቀመጥ እርጥበት ይስባል፤ እህሉ ይሻግታል፤ ነቀዝ መግባቱም ቶሎ አይታወቅም። ከእንጨት በተሠራ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ግን ከሥሩም ከኋላውም መጥረግና ማየት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ አካባቢያችን ወባ ያለበት ነው። ቤቱ በዕቃ ከተጣበበ አጎበር በደንብ አይዘረጋም። የጸረ ወባ ርጭት በሚካሄድበት ጊዜም ዕቃው መውጣት ወይም ከግድግዳው መራቅ አለበት፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ትንኟ በምታርፍበት ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ነውና። ካርቶን የተደረደረበት ግድግዳ ሳይረጭ ይቀራል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው የአረምና የተባይ መድኃኒት አቀማመጥ ነው። ከእርሻ የተረፈው መድኃኒት በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተገልብጦ ከዘይቱ አጠገብ የሚቀመጥበት ቤት አለ። ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለም። እንዲህ ያለው መድኃኒት ከነጽሑፉ በመጣበት ዕቃ ውስጥ ሆኖ፣ ከምግብ ርቆ፣ ልጅ በማይደርስበትና በሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ዛሬ ማታ ብትፈጽሙ ጽሑፋችን በከንቱ አልቀረም።

ምን እናድርግ?

ከጃፓን የመጣ ካይዘን የሚባል የአሠራር ዘዴ አለ። በአገራችን በመጀመሪያ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በሚገኙ 30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። የዘዴው መነሻ በአማርኛ «አምስቱ ማዎች» ተብለው የሚጠሩት ናቸው። ለፋብሪካ የታሰቡ ቢሆኑም ለማጀትም ይሆናሉ።

1ኛ/ ማጣራት፦ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው መለየት ነው። ቤቱን በሙሉ በአንድ ቀን ለመጨረስ የሚነሣ ሰው ማታ የባሰ ተዝረክርኮ ያገኘዋል። ስለዚህ በአንድ ሳጥን ወይም በአንድ ማዕዘን ይጀመር። ዕቃው በሦስት ይከፈል፦ የሚቀር፣ የሚሰጥ ወይም የሚሸጥ፣ የሚጣል። የሚያጠራጥር ዕቃ ሲገኝ ቀን ተጽፎበት ለብቻው ይቀመጥ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ያልፈለገው ሰው ከሌለ መልሱ ተገኘ ማለት ነው።

2ኛ/ ማስቀመጥ፦ ለቀረው ዕቃ ሁሉ ቦታ መወሰን ነው። በየቀኑ የሚነካው በቅርብ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚፈለገው በሩቅ ይሁን። የይዞታ ደብተር፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ በአንድ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ፣ እርጥበትና ምስጥ በማይደርስበት ከፍታ ይቀመጡ። ቦታውንም አባትና እናት ብቻ ሳይሆኑ ነፍስ ያወቁ ልጆች ሁሉ ይወቁት።

3ኛ/ ማጽዳት፦ ዕቃው ከተነሣ በኋላ ሥሩን መጥረግ ነው። የተቀደደው፣ የፈሰሰው፣ ምስጥ የጀመረው የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው።

4ኛ/ ማላመድ፦ የቤተሰቡ ሁሉ ልማድ እንዲሆን ማድረግ ነው። ማን ምን እንደሚያነሣ ይወሰን። ትንሹ ልጅ ጫማዎችን ይደርድር። ተማሪው ዩኒፎርሙን ራሱ ይስቀል፣ ደብተሩን ራሱ ይሰብስብ። ወንድም እኅቱ የምትሠራውን ሁሉ ይሥራ፤ መጥረጊያ ለሴት ልጅ ብቻ አልተፈጠረም። እኅታችን ስታነሣና ስትጠርግ ያመሸችበት ሰዓት ከጥናቷ የተቀነሰ ሰዓት ነው። አባትም ካፖርታቸውን በኩላቡ ላይ ይስቀሉ።

5ኛ/ ማዝለቅ፦ የተጀመረውን አለማቋረጥ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው፣ ማታ ከእራት በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ላይ ሩብ ሰዓት ቢያነሣ፣ ቅዳሜ የሚጠብቀው ሥራ ይቀልላል። ከዚህ ሌላ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም ከፋሲካ በፊትና በጳጉሜን፣ ሳጥኑም ጓዳውም ተፈትሾ ቢጣራ በቂ ነው።

ብል የበላው ብርድ ልብስ

እዚህ ላይ አንድ የማንረሳውን ነገር እንጨምር። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ዞን በደረሰባቸው ጥቃት የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ወደ ከተማችን መጥተው ራንች በተባለው ቦታ ተጠልለው እንደ ነበር ይታወሳል። ብዙዎቹ የለበሱትን ብቻ ይዘው የመጡ ነበሩ። በየቤታችን ልብስና ዕቃ ስናሰባስብ፣ ከመካከላችን የአንዷ ቤተሰብ ከሳጥን ሥር ሁለት ብርድ ልብሶች አወጣ። ለእንግዳ ተብለው ለብዙ ዓመት የተቀመጡ ናቸው። ሲዘረጉ አንዱ በብል ተበልቶ ወንፊት መስሎ ነበር። የደህናው ተሰጠ፤ ሌላው ግን ለማንም ሊሆን አልቻለም። እኅታችን ስትናገር «ያ ብርድ ልብስ ከጠፋብን ቆይቷል፤ እኛ ግን ያለን ይመስለን ነበር» አለችን።

እኛም ከዚህ የተማርነው፣ የሚጠቅም ዕቃ በሚጠቅምበት ጊዜ ከእጅ ካልወጣ ለባለቤቱም ለችግረኛውም እንደማይሆን ነው። ስለዚህ የምናጣራው ቤታችን እንዲያምር ብቻ አይደለም፤ ያለንን አውቀን፣ የተረፈንን በጊዜው እንድንሰጥ ነው።

ማሳሰቢያ

ይህን ጽሑፍ አንብቦ ወደ ቤቱ ሄዶ እናቱን «ይህ ለምን እዚህ ተቀመጠ?» እያለ የሚቆጣጠር ወጣት ቢኖር ትምህርታችንን አላስተዋለውም። መጀመሪያ የራሱን አልጋ፣ የራሱን ጫማ ያንሣ። እንዲሁም የእናትን ዕቃ ሳያስፈቅዱ መጣል ነውር ነው፤ እኛ አሮጌ የምንለው ሙዳይ ከእናቷ የተቀበለችው ሊሆን ይችላል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ ዕቃ ፈጽሞ አይዝረከረክም ማለት አይቻልም። ቤት ለሰው እንጂ ሰው ለቤት አልተሠራምና፣ ጎረቤት ለቡና ሲመጣ ጆንያውን ገፋ አድርጎ ማስቀመጥ ቤቱ አልተነሣም ብሎ ከመመለስ ይሻላል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ነገሩን ባጭሩ ስናየው፣ ዕቃ የሚዝረከረከው ቦታ ስላጣ፣ ሳይለይ ስለሚከማችና ሥራው በአንድ ሰው ላይ ስለሚወድቅ ነው። መፍትሔውም ለዕቃው ቦታ መስጠት፣ የተረፈውን በጊዜው ማውጣት፣ ሥራውን መካፈል ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የተጠቀሰችው ሴት ድሪሟ ሲጠፋባት መብራት አብርታ ቤቷን ጠረገች እንጂ በሌላው ላይ እንደ ጮኸች አልተጻፈም። ወንድማችንም ያን ማታ ከተናገረን ወዲህ በቤታቸው የወረቀቶች ማስቀመጫ ቆርቆሮ ሳጥን ተዘጋጅቷል፤ ካፖርቱም ኩላብ አግኝቷል። እናቱን ይቅርታ የጠየቀው ግን ከብዙ ሳምንት በኋላ መሆኑን ነግሮናል። እኛ እንዲህ አንዘግይ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1/ በቤታችሁ ዕቃ ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ነው? ለምን?
2/ የቤተሰባችሁ አስፈላጊ ወረቀቶች የት እንደሚቀመጡ ታውቃላችሁን?
3/ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሳትታዘዙ የምታነሡት አንድ ነገር ምንድን ነው?